አደራው የማን ነው?

ጥያቄውን ያነሣችው የእህቴ ልጅ ናት። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ስለሆነ አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ጥያቄዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር። «አጎቴ፣ እውነተኛው ገና የቱ ነው?» አለችኝ።

ዕለቱ ታኅሣሥ 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 2019፣ ሰኞ። እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ወር ያህል ተቀምጬ ነበር። እህቴ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድራ ገብታ ዶሮ ወጡን ታማስላለች። ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማለች፤ የዚያ አገር የገና ዕረፍት አልቆ ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚያው ቀን ነበርና። ከሁለት ሳምንት በፊት ስጦታዋን ተቀብላ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተደስታ ጨርሳለች። ዛሬ ደግሞ ቤቱ በቅቤና በበርበሬ ሽታ ታውዶ ሌላ ገና መጣባት። «ሁለቱም እውነተኛ ናቸው» ብዬ ሸኘኋት። እንዲህ ያለው መልስ ልጅን እንደማያጠግብ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር እኔንም አላጠገበኝም።

የእህቴ ባል ታክሲ ነጂ ነው፤ የከተማዋን ጓዳ ጎድጓዳ ያውቃል። ንግግራችንን ሰምቶ ኖሮ «ዛሬ ገናን የምናከብረው እኛ ሐበሾች ብቻ እንዳይመስልህ፤ ተነሥ ላሳይህ» አለኝ። በመኪናው ይዞኝ የሄደው በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ወደሚገኘው «የዩክሬን መንደር» ወደሚባለው ሰፈር ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ራሱ የቀን አቆጣጠር ስለሆነ ግርታ እንዳይፈጠር ብዬ ነው።)

በዚያ ሰፈር ኦክሌይ በሚባል አንድ ጎዳና ላይ፣ ቺካጎ አቬኑ የሚባለውን ሰፊ መንገድ ከዚህና ከዚያ አድርገው፣ ሁለት የዩክሬን ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ቆመዋል። አንደኛው ከ1913 እስከ 1915 የተሠራው የቅዱስ ኒኮላስ ካቴድራል ነው። በኪየቭ የሚገኘውን የቅድስት ሶፊያን ካቴድራል አርአያ አድርጎ የተሠራ ሲሆን ዐሥራ ሦስት ጉልላቶች አሉት፤ የክርስቶስና የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው የቅዱሳን ቮሎዲሚርና ኦልሃ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉልላቶቹ ወርቃማ ናቸው፤ በፊት ለፊቱም በ988 መስፍኑ ቮሎዲሚር ሕዝቡን ሲያስጠምቅ የሚያሳይ ትልቅ የሞዛይክ ሥዕል አለው። ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሁለቱም አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሥርዓተ ቅዳሴ አላቸው። በዚያን ዕለት ግን የመጀመሪያው ጭር ብሏል። ሁለተኛው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ሕዝቡ «ክርስቶስ ተወለደ!» «አክብሩት!» እየተባባለ ይወጣል።

ደጁ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ፣ ባለ አበባ ሻሽ ሴት ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ነገርናቸው። «የእናንተም ዛሬ ነው?» አሉ ተደንቀው። ዛሬ መሆኑን ስንነግራቸው እንደ ዘመድ እጃችንን ጨበጡን። ከዚያ ወደ ባለ ዐሥራ ሦስት ጉልላቱ በአገጫቸው እያመለከቱ «ታላቅ እህቴ እዚያ ነበረች። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ከተለያየን ወዲህ ገናን በአንድ ማዕድ በልተን አናውቅም» አሉ። ዩክሬናውያን በገና ዋዜማ ዐሥራ ሁለት ዓይነት የጾም ምግብ ያቀርባሉ፤ የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ይቀመጣሉ፤ ከቤተ ሰቡ ለሞተው ደግሞ ባዶ ሳህን ይቀመጥለታል። ባልቴቷ ይህን ካስረዱን በኋላ «አሁን በየዓመቱ ለእሷ ሳህን አስቀምጥላታለሁ፤ በሕይወት ሳለች እምቢ ባለችው ቀን» አሉን።

ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። ሁለት እህትማማቾች አንድን ቅርስ ሊጠብቁ ብለው ተለያዩ። ለመሆኑ ጠባቂዋ የትኛዋ ነበረች?

ወደዚህ ጥያቄ ከመመለሳችን በፊት ሰፈሩ እንዴት እንደተመሠረተ ማየት ይገባል። የመጀመሪያዎቹ መጤዎች በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አገራቸው ጋሊሲያና የካርፓቲያ ተራራ ሥር ነው፤ ያኔ በኦስትሮ-ሀንጋሪ ግዛት ውስጥ ነበር። ብዙዎቹ ራሳቸውን ዩክሬናዊ ሳይሆን «ሩሲን» እያሉ ነበር የሚጠሩት። እዚያው ሰፈር ውስጥ ታዋቂው አርክቴክት ሉዊስ ሱሊቫን የነደፈው፣ በ1903 የተጠናቀቀ የቅድስት ሥላሴ ኦርቶዶክስ ካቴድራል ይገኛል፤ ለማሠሪያው የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ጭምር ገንዘብ ሰጥተዋል። ከአንድ ተራራ ሥር ከመጡት ሰዎች ገሚሱ ወደ ሩሲያ ኦርቶዶክስ ሲያዘነብል ገሚሱ ዩክሬናዊ ነኝ አለ። ቅርስ ከአያት እንደ ዓይን ቀለም ብቻ የሚወረስ አይደለም ማለት ነው። ገና ከመነሻው ምርጫ አለበት።

ሰፈሩን ዛሬ የምናውቀውን ያደረጉት ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ናቸው። በጀርመንና በኦስትሪያ የስደተኛ ካምፖች ዓመታት ያሳለፉ፣ ወደ ሶቪየት ኅብረት መመለስ ያልፈለጉ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1948 ባወጣው ሕግ የመግቢያ በር የተከፈተላቸው ሰዎች ነበሩ። መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ ቄሶች ነበሩባቸው። አብዛኞቹ አሜሪካ ሲገቡ ወለል ጠራጊና የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኑ። ማታ ማታ ግን ማኅበር ያቋቁሙ ነበር። በ1951 የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በ1952 የዩክሬን ብሔራዊ ሙዚየም መሠረቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ሰብስበው ቋንቋውን፣ ታሪኩንና ጂኦግራፊውን አስተማሩ። የአሜሪካ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የእነርሱ ልጆች የዲኒፕሮን ወንዝ ገባሮች ይሸመድዱ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለትዝታ ብቻ አልነበረም። መልሱን ለመረዳት አንድ ዓመት ብቻ እንመልከት፤ 1933ን።

በዚያ ዓመት የስታሊን መንግሥት በዩክሬን ላይ ባወረደው ረሃብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች አለቁ። እህሉ ከጎተራው ተጠርጎ ተወሰደ፤ ገበሬው ከመንደሩ ወጥቶ እንጀራ እንዳይፈልግ መንገዱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት የዩክሬንኛ የፊደል ሥርዓት ተሻሻለ ተብሎ የ«ግ»ን ድምፅ የምትወክል አንዲት ፊደል ከገበታው ተሰረዘች፤ ቋንቋውን ወደ ሩሲያኛ ለማቅረብ ነበር። የ1928ቱን የፊደል ሥርዓት ያጸደቀው የትምህርት ኮሚሳር ስክሪፕኒክ በ1933 ሐምሌ ወር ራሱን ገደለ። በዚያው ዓመት ደግሞ ቺካጎ ላይ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። አገሮች ሁሉ ድንኳናቸውን ሲተክሉ ዩክሬን የምትባል ነጻ አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ስደተኞቹ ከየኪሳቸው አዋጥተው የዩክሬን አዳራሽ ሠሩ፤ በቀራጺው አርኪፔንኮ ሥራዎችም አስጌጡት። አገር የሌለው ሕዝብ በአገሮች መካከል ቤት ሠራ።

ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ በአማርኛ ትክክለኛ ስም አለው። አደራ ይባላል።

አደራ ምን እንደሆነ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም ይሆናል። ቢሆንም ሦስት ነገሮችን ላስታውስ። አንደኛ፣ የአደራ ዕቃ የጠባቂው ንብረት አይደለም። ሁለተኛ፣ አይነካም፤ የተራበ ሰው እንኳ የአደራ እህል ቢበላ «አደራ በላ» ተብሎ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ይመለሳል። ንብረት ለራስ ይቀመጣል፤ አደራ ለሌላ ይቀመጣል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በሣጥን ተቆልፎባቸዋል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ባለቤቱ በሩን ያንኳኳ ዕለት ነው።

የዩክሬን መንደር ሰዎች የተሰረዘችውን ፊደል ጠበቁ። በአገሯ የተከለከለች ያቺ ፊደል በውጭ ያሉት ባሳተሟቸው መጻሕፍትና ጋዜጦች ላይ ኖረች። አገር ቤት ስለ ረሃቡ ማውራት እስከ 1980ዎቹ ማብቂያ ወንጀል ሆኖ ሲኖር፣ የስደተኞቹ ማኅበራት በየዓመቱ ሻማ አበሩ፤ የተረፉትን ሰዎች ምስክርነት መዘገቡ። የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ በ1988 ሪፖርት እስከ ማቅረብ የተደረሰው በእነርሱ ጉትጎታ ነው። የዩክሬን ግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1946 በሶቪየት መንግሥት ፈርሳ፣ ጳጳሳቷ ታስረው፣ ምእመናኗ በጫካና በጓዳ ሲያስቀድሱ፣ እዚህ ደወሏ ይደወል ነበር።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ እህትማማቾች እንመለስ። በ1968 ገደማ በቅዱስ ኒኮላስ ካቴድራል ትልቅ ክርክር ተነሣ። የሥርዓት፣ የቋንቋና ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷን የመቻል ጥያቄ ሁሉ ነበረበት፤ ዐይነተኛው ግን የቀን አቆጣጠር ነበር። ካቴድራሉ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ሊቀበልና ገናን በዲሴምበር 25 ሊያከብር ሆነ። ያልተስማሙት ወጥተው በዚያው ዓመት ሌላ ደብር መሠረቱ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ባለ ወርቅ ጉልላቱን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

የሁለቱንም ወገን ክርክር በቅንነት ላቅርብ። ለውጡን የደገፉት እንዲህ ይላሉ፦ የቀን አቆጣጠር ሃይማኖት አይደለም። ሠራተኛው ከፋብሪካ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ጃንዋሪ 7ን እንዲያከብር ብናስገድድ፣ ልጁ አድጎ በዓሉንም ቤተ ክርስቲያኑንም ይተዋል። ቀኑን ለመጠበቅ ስንል ልጆቹን ልናጣ ነውን? ደግሞስ አቆጣጠሩ ራሱ መቼ ቆሞ ያውቃል? የዩሊየስ አቆጣጠር ከጎርጎርዮስ ጋር ያለው ልዩነት ይሰፋል እንጂ አይረጋም። በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአያቶቻችን ገና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 6 ላይ ይውል ነበር፤ ከ2101 ጀምሮ ደግሞ ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል።

ያልተስማሙት የሚመልሱት እንዲህ ነው፦ ወንድሞቻችን አገር ቤት በድብቅ፣ መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደው ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 7 ነው። እነርሱ በእስር ቤት ሆነው ያልተዉትን ቀን እኛ ነጻ ሆነን፣ ለሥራ ሰዓት እንዲመቸን ብለን ብንተወው ምን እንባላለን? ዛሬ ቀኑን፣ ነገ ቋንቋውን፣ ከነገ ወዲያ ስሙን እንሰጣለን። ከሰው ሁሉ ጋር አንድ ቀን ማክበር ደስ ይላል፤ ስኳር በሻይ ውስጥ የሚሟሟውም እንዲሁ እየጣፈጠ ነው።

ፍረድ ብባል በ1968 የሁለተኞቹን አመዝናለሁ። የመጀመሪያዎቹ ያነሡት ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ራሳቸው ኑሮ ነበር የሚያወሩት፤ ሁለተኞቹ ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ሊገኝ ስላልቻለ፣ አፉ ስለታሸገ ሰው ነበር የሚያወሩት። አደራ ጠባቂ የሚለየው በዚህ ነው። የሌለውን ሰው ድምፅ ይቆጥራል።

ከዚያ ባለቤቱ መጣ። በ1989 ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመሬት በታች ወጣች። በ1990 የተሰረዘችው ፊደል ወደ ገበታዋ ተመለሰች። ዲሴምበር 1 ቀን 1991 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ዩክሬናውያን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ነጻነትን መረጡ። በቺካጎ ለዐሥርት ዓመታት በየአዳራሹ ሲሰቀል የኖረው ሰማያዊና ቢጫ ባንዲራ በኪየቭ ተሰቀለ። በ2006 የኪየቭ ፓርላማ ረሃቡን የዘር ማጥፋት ብሎ በሕግ ሰየመው። አደራው ተመለሰ። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው ስደተኞች በዓለም ታሪክ ብዙ አይደሉም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ መጥቶ ዕቃውን ከተረከበ በኋላ አንዱን አንሥቶ «ይህንንስ አልፈልገውም» ቢልስ?

ሩሲያ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 በዩክሬን ላይ ሰፊ ወረራ ከከፈተች በኋላ፣ ያ የዩሊየስ አቆጣጠር በብዙ ዩክሬናውያን ዘንድ የሞስኮ ቤተ ክርስቲያን ምልክት ሆኖ ታየ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም፣ በዩክሬን ያለችው ግሪክ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ቀናቸው የማይዘዋወር በዓላትን ወደ አዲሱ አቆጣጠር አዛወሩ፤ ፋሲካን ብቻ በቀድሞው ተዉት። ፕሬዚዳንት ዜሌንስኪ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በፈረሙት ሕግ የመንግሥት በዓል ዲሴምበር 25 ሆነ፤ ጃንዋሪ 7 ከበዓላት ዝርዝር ወጣ።

አንባቢዬ፣ ነገሩን አስተውሉት። በ1968 ጃንዋሪ 7ን መጠበቅ ለአገር ታማኝ መሆን ነበር። በ2023 ያንኑ ቀን መተው ለአገር ታማኝ መሆን ሆነ። ቀኑ አልተለወጠም፤ ቅዳሴው አልተለወጠም፤ ጠላት የተባለውም ያው ሞስኮ ነው። ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። አምሳ ዓመት ሙሉ ከእህቷ ማዕድ የቀረች ሴት ይህን ስትሰማ ምን ትበል? «ለማን ብዬ ነበር?» ብትልስ ይፈረድባታል?

አንዳንድ ሰው «እንግዲህ ቅርስ የሚባለው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው፤ ዋናው መንፈሱ ነው እንጂ ቅርጹ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ይህ ግን የችኮላ ፍርድ ይመስለኛል። መንፈስ ብቻውን አይወረስም። ዩክሬናውያን ለፋሲካ እንቁላል ላይ በሰም እየጻፉ ቀለም የሚነክሩት ጥበብ አላቸው፤ ፒሳንካ ይባላል፤ ስሙ «መጻፍ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ሰሙ የሸፈነው ቦታ ቀለሙ አይነካውም፤ በመጨረሻ ሰሙ በሻማ እሳት ሲቀልጥ ሥዕሉ ይወጣል። በሶቪየት ዘመን ሃይማኖታዊ ነው ተብሎ ሲነቀፍ፣ ውጭ ያሉ ሴቶች በየማእድ ቤታቸው ለልጆቻቸው አሳዩት። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ የመስመሩን ትርጉም አያውቁትም ይሆናል፤ እጃቸው ግን ያውቀዋል። በ2024 ዩኔስኮ ፒሳንካን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው በእጅ የተላለፈ ነገር ስላገኘ ነው። ምክንያት ብቻ ብናወርስ ልጅ በእጁ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ስለዚህ ጥያቄው ቅርጽ ወይስ መንፈስ አይደለም። ጥያቄው ጠባቂው ራሱን ምን አድርጎ ይቆጥራል የሚለው ነው። ጊዜ ሲረዝም አደራ ጠባቂ ቀስ በቀስ ባለቤት የሆነ ይመስለዋል። እኛ ነን እውነተኞቹ፤ አገር ቤት ያሉት ተበላሽተዋል ይላል። ይህ ፈተና የዩክሬናውያን ብቻ አይደለም፤ ከአገሩ የወጣ ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2022 ወዲህ ወደ ቺካጎ አካባቢ ብዙ ሺህ የጦርነት ተፈናቃዮች መጥተዋል። ከምሥራቅና ከደቡብ ከተሞች ከመጡት ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በሩሲያኛ ነው። በሌላ በኩል የቅዳሜ ትምህርት ቤት ያሳደገው የሰፈሩ ልጅ የአያቱን የ1940ዎቹን ዩክሬንኛ አሳምሮ ይናገራል፤ አገሩን ግን በክረምት ዕረፍት ቢያያት ነው። ያኛው ቋንቋው ይሰባበራል፤ ቤቱ ግን ለዩክሬን ሲባል ተቃጥሏል። የትኛው ይበልጥ ዩክሬናዊ ነው ብሎ የሚጠይቅ ጠባቂ አደራውን ንብረት አድርጎታል ማለት ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ባለቤት ነኝ ያለ ሰው ከወረሰው መርጦ ማስቀመጥ ይጀምራል። በሴፕቴምበር 2023 በካናዳ ፓርላማ አንድ የ98 ዓመት አዛውንት በዓለም ጦርነት ሩሲያን የተዋጉ የዩክሬን ጀግና ተብለው ምክር ቤቱ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ወዲያው ያገለገሉት በናዚ ጀርመን የኤስ.ኤስ. ጦር ሥር በነበረ ክፍል መሆኑ ታወቀ፤ አፈ ጉባኤው ከሥልጣናቸው ለቀቁ። ከጦርነቱ በኋላ በመጡት ስደተኞች መካከል ይህም ታሪክ ነበረ፤ በብዙ ቤት ግን ለልጅ አልተነገረም። የረሃቡን ምስክርነት በትጋት የጠበቀ ማኅበረሰብ ይህን ዝም ካለ አደራው ጎደሎ ነው። አደራ የሚመለሰው ሙሉውን ነው፤ የሚያኮራው ብቻ አይደለም።

ሰፈሩ ራሱ ዛሬ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2002 የቺካጎ ከተማ የሰፈሩን አሮጌ ጡብ ቤቶች ታሪካዊ ቅርስ ብሎ በሕግ መዘገባቸው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የቤት ዋጋ እየናረ፣ ወጣት ባለ ሙያዎች እየገቡ፣ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ልጆች ወደ ከተማው ዳርቻ እየወጡ ነበር። ሕጉ የቤቱን ግንብ ማፍረስ ይከለክላል፤ በውስጡ የሚነገረውን ቋንቋ ግን ሊያዝበት አይችልም። በእሑድ ቀን ከሩቅ ዳርቻ መኪና እየነዱ የሚመጡት ምእመናን ናቸው ሰፈሩን ሰፈር የሚያሰኙት። ቅርስ የሚኖረው በሚመላለስ ሰው ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በ1968 ቀኑን የጠበቁት አደራ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ባለቤቱ መናገር ስላልቻለ ስለ እርሱ ተናገሩ። ዛሬ ባለቤቱ ራሱ ተናግሯል። ከእንግዲህ ጃንዋሪ 7ን ማክበር የሚሻ ሰው «እናቴ የጸለየችበት ቀን ነው» ብሎ ማክበር ይችላል፤ ይህ በቂና የተከበረ ምክንያት ነው። «ለአገሬ ታማኙ እኔ ብቻ ነኝ» ማለት ግን አይችልም። የጠበቀ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ዳኝነት ግን አይገባውም። የባልቴቷ ስሕተት፣ ስሕተት ከተባለ፣ ቀኑን መጠበቃቸው አይደለም። በዲሴምበር 24 ማታ ከራሳቸው ቀን ሳይነሡ፣ እህታቸው ደጃፍ በእንግድነት ሊደርሱ ይችሉ ነበር። እህታቸውም በጃንዋሪ 6 ማታ እንዲሁ። አንዱ ቀን ሌላውን አይሽረውም ነበር። ሳህኑን ለሙት ከማስቀመጥ ለሕያው ማስቀመጥ ይቀድም ነበር።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስና ላብቃ። የእኛ ገና ከእነርሱ አሮጌ ገና ጋር በአንድ ቀን መዋሉ በአጋጣሚ አይደለም፤ የእኛም አቆጣጠር እንደ ዩሊየስ በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት አንድ ቀን ይጨምራል። እንዲያውም ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ እኛው ራሳችን ገናን በ28 እናከብራለን። ያን ዕለት ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይህን ሁሉ ልነግራት አልቻልኩም። «እውነተኛው ገና የቱ እንደሆነ አላውቅም። አያትሽ ግን አዲስ አበባ ሆና ዛሬ ስልክሽን ትጠብቃለች» አልኳት። ደወለች። በተሰባበረ አማርኛዋ «እንኳን አደረሰሽ» አለች፤ እናቴም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

ልጅቷ አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ቀኑን ለልጆቿ ታስተላልፈው ይሆን፣ ትተወው ይሆን፣ ፍርዱ የእሷ ነው። እኛ ግን ምን እንደምትተው አውቃ እንድትተወው፣ ምን እንደምትይዝ አውቃ እንድትይዘው ልንነግራት ይገባል። ባለፈው ገና ማንም ሳያስታውሳት በገዛ ስልኳ ደውላ «አጎቴ፣ አያቴን አቅርብልኝ» አለችኝ።

ለጊዜው በዚህ ረክቻለሁ።